በሐርጌሳና በሌሎች የሶማሌላንድ ከተሞች የተግባር ሕክምና ሠራተኞች ደመወዝ ስለሚለያይበት ምክንያት

በአንድ አገር ውስጥ አንድ ዓይነት ትምህርት ተምረው አንድ ዓይነት ሥራ የሚሠሩ ሁለት ሰዎች በወሩ መጨረሻ የተለያየ ገንዘብ መቀበላቸው በየመሥሪያ ቤቱ የታወቀ ነገር ነው። ልዩነቱ ከአገልግሎት ዘመን ወይም ከማዕርግ የመጣ እንደ ሆነ የሚያጕረመርም ጥቂት ነው። ነገር ግን ልዩነቱ ከሠራተኛው ችሎታ ሳይሆን ደመወዙ ከሚወጣበት ሣጥን የመጣ እንደ ሆነ፥ ጕዳዩ የሠራተኛውና የአሠሪው ብቻ ሆኖ አይቀርም፤ በሽተኛውንም ይነካል። ይህ ነገር በግልጽ ከሚታይባቸው ስፍራዎች አንዷ የሶማሌላንድ ዋና ከተማ ሐርጌሳ ስትሆን፥ ከሙያዎቹም መካከል ሕሙማንን ወደ ዕለት ተግባራቸው የሚመልሰው የሕክምና ክፍል ጥሩ ምሳሌ ይሆናል። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ኦኩፔሽናል ቴራፒ የተባለውን ሙያ በአማርኛ የተግባር ሕክምና ብሎ መጥራት ይቻላል። ብዙ ሰው ከፊዚዮቴራፒ ጋር ያደባልቀዋል፤ ሁለቱ ወንድማማች ናቸው እንጂ አንድ አይደሉም። ፊዚዮቴራፒስት የደከመውን ጡንቻ ያበረታል፥ የደረቀውን መገጣጠሚያ ያፍታታል። የተግባር ሕክምና ባለሙያ ግን ሰውየው በዚያ ጡንቻ ምን ሊሠራበት ይፈልጋል ብሎ ይጀምራል። አንድ ወገኑ በስትሮክ የደከመበትን ሰው በቀረው እጁ ሸሚዙን እንዲቈልፍ፥ ለጸሎቱ እንዲታጠብ፥ የሱቁን ሚዛን እንዲይዝ ያለማምደዋል፤ እግሯን ያጣችውን ሴት ምድጃዋ በስንት ክንድ ከፍታ ቢሠራላት ተቀምጣ ልታበስል እንደምትችል ይለካላታል፤ የቤቱ ደፍ ለተሽከርካሪ ወንበር እንዳይከለክል ያስተካክላል፤ አእምሮው የታወከውንም ሰው ቀኑን በሥራ እንዲከፋፍል ያስተምረዋል። የሙያው ማኅበራት በዓለም ፌዴሬሽን የተሰበሰቡት በ1952 ነው። በምሥራቅ አፍሪካ ግን ሙያው ገና አዲስ በመሆኑ፥ በሐርጌሳም ይህን ተግባር አብዛኛውን ጊዜ የሚያከናውኑት ፊዚዮቴራፒስቶች፥ ነርሶችና ሰው ሠራሽ አካል የሚሠሩ ባለሙያዎች ናቸው። ስለዚህ ስለ ተግባር ሕክምና ደመወዝ ሲነገር የሚነገረው ስለ እነዚህ ሁሉ ነው።

ሥራው በሐርጌሳ ለምን እንደሚፈለግ ለመረዳት ወደ 1988 መመለስ ያስፈልጋል። በዚያ ዓመት ከተማዪቱ በአውሮፕላን ቦምብና በመድፍ ተደበደበች፤ አውሮፕላኖቹም የተነሡት ከራስዋ ከከተማዪቱ አውሮፕላን ማረፊያ ነበር። ሕዝቧ ድንበሩን ተሻግሮ በኢትዮጵያ ውስጥ በሐርቲ ሼክና በሌሎች ሰፈሮች ተጠለለ። ከ1991 በኋላ ሲመለስ ያገኘው የፈረሰ ቤትና በየግቢውና በየመንገዱ የተቀበረ ፈንጂ ነበር፤ ሄሎ ትረስት የተባለው የፈንጂ አጽጂ ድርጅት በአገሩ ሥራ የጀመረው እንኳ በ1999 ነው። እግራቸው የተቈረጠባቸው ሰዎች ሰው ሠራሽ እግር ማግኘት ነበረባቸው፤ እግሩን ካገኙም በኋላ ከእርሱ ጋር መኖርን መማር ያሻቸው ነበር። ለዚህ ሲባል በሃንዲካፕ ኢንተርናሽናል ተጀምሮ በኋላ በአገሩ ተወላጆች እጅ የገባው፥ ዛሬ ዲስአቢሊቲ አክሽን ኔትወርክ የሚባለው ማዕከል፥ እንዲሁም በኖርዌይ ቀይ መስቀል ርዳታ የቆመው የሶማሌ ቀይ ጨረቃ ማኅበር ማዕከል በሐርጌሳ ተቋቋሙ። የፈንጂው ጕዳት እየቀነሰ ሲሄድ የስትሮክ፥ የመኪና አደጋና በወሊድ ጊዜ የሚጐዱ ሕፃናት ጕዳይ ተተክቷል፤ ሥራው አልጐደለም።

የደመወዙ ጥያቄ ግን ከጦርነቱ ይቀድማል። የሐርጌሳ ዋና ሆስፒታል በእንግሊዝ ጥብቅ ግዛትነት ዘመን በ1953 ሲሠራ የሠራተኛው ክፍያ በጥብቅ ግዛቱ አስተዳደር መደብ የሚተዳደር ነበር። በጁን 26 ቀን 1960 ሶማሌላንድ ነጻ ወጥታ በጁላይ 1 ቀን በጣልያን ሞግዚትነት ሥር ከነበረው ደቡብ ጋር ስትዋሐድ፥ አዲሱ መንግሥት ሁለት የሕግ ሥርዓት፥ ሁለት የሒሳብ አያያዝና ሁለት የደመወዝ መደብ ወረሰ። በአንድ ባንዲራ ሥር የሚያገለግሉ ሁለት ጸሐፊዎች አንዱ በእንግሊዝ፥ ሁለተኛው በጣልያን ልክ የሚከፈላቸው ሆኑ። ሁለቱን ለማስማማት የማዋሐድ ጉባኤ ተቋቁሞ ዓመታት ፈጀበት። ልዩ ልዩ አስተዳደር የነበራቸው አገሮች በአንድ በተጠቃለሉ ቍጥር ይህ ችግር የሚነሣ ሲሆን፥ በአዋጅ ከሚፈጸሙት ጕዳዮች ሁሉ በሥራ ላይ ለመዋል የሚዘገየው የደመወዝ ማስተካከል መሆኑ በብዙ ስፍራ የታየ ነው።

በዚያው ዘመን የሆነ አንድ ነገር ለዚህ ጕዳይ ትልቅ ትምህርት ይሰጣል። ወይዘሮ ኤድና አዳን ኢስማዒል በእንግሊዝ አገር ነርስነትና አዋላጅነት ተምረው በ1961 ወደ ሐርጌሳ ሲመለሱ፥ ሆስፒታሉ በርግጥ ይፈልጋቸው ነበር። ነገር ግን በመንግሥት የሥራ መደብ ውስጥ ለእንዲህ ያለች ሴት የተዘጋጀ ቦታ ስላልነበረ፥ ሁለት ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ ያለ ደመወዝ አገልግለዋል። እኒሁ ሴት በኋላ የዓለም የጤና ድርጅት ባለሥልጣን፥ ከ2003 እስከ 2006 የሶማሌላንድ የውጭ ጕዳይ ሚኒስትር ሆኑ፤ በራሳቸው ገንዘብና በወዳጆች ርዳታ ያሠሩት ሆስፒታልም በ2002 በሐርጌሳ ተከፈተ። ከዚህ ታሪክ የሚታየው፥ የደመወዝ ልዩነት የሚጀምረው ከገንዘቡ መጠን ሳይሆን የሙያው ስም በመዝገቡ ላይ ከመገኘቱ ወይም ከመታጣቱ መሆኑ ነው። በመደቡ ያልተጻፈ ሙያ ያለው ሰው ሁለት ዕድል ብቻ አለው፤ ወይ በሌላ ስም፥ ለምሳሌ በነርስነት፥ ይቀጠራል፥ ወይም ከመንግሥት ውጭ ይሠራል። በነርስ ስም የተቀጠረ የተግባር ሕክምና ባለሙያ የነርስ ደመወዝ ያገኛል፤ የነርስ ሥራም ይታዘዛል፤ ማታ ተረኛ ሆኖ ያደረ ሰው በማግሥቱ የሕሙማን ቤት እየዞረ ደፍ ሊለካ አይችልም።

ዛሬ በሶማሌላንድ የጤና ሠራተኛ የሚያገኘው ገንዘብ ከአራት ከረጢት የሚወጣ ነው ቢባል ከእውነት አይርቅም። የመጀመሪያው የመንግሥት ግምጃ ቤት ነው። የሲቪል ሰርቪስ ኮሚሽን ሠራተኛን በደረጃ ይመድባል፤ ክፍያውም በአገሩ ሁሉ አንድ ነው፤ በሐርጌሳ ያለውና በምሥራቅ ጠረፍ ያለው በወረቀት ላይ እኩል ናቸው። ችግሩ ግምጃ ቤቱ አብዛኛውን ገቢውን የሚያገኘው ከበርበራ ወደብ ቀረጥና ከመሳሰለው በመሆኑ፥ ደመወዙ ቤተ ሰብ ለማስተዳደር የማይበቃ መሆኑ ነው።

ሁለተኛው የለጋሾች ተጨማሪ ክፍያ ነው። በመንግሥት ጤና ጣቢያ የሚሠራ ሰው ከደመወዙ በላይ በርዳታ ድርጅት በኩል የሚሰጠው ገንዘብ አለ። ይህ ገንዘብ ብዙ ጊዜ ከመሠረታዊው ደመወዝ ይበልጣል። ነገር ግን ይህ የሚከፈለው ፕሮግራሙ ባለበት አውራጃ፥ ፕሮግራሙ በሚመለከተው ሥራና ፕሮግራሙ በሚቆይበት ዘመን ብቻ ነው። ከ2012 እስከ 2016 ድረስ በበርካታ መንግሥታት ገንዘብ የተካሄደው የጋራ የጤናና የሥነ ምግብ ፕሮግራም በሶማሌላንድም፥ በፑንትላንድም፥ በደቡቡም ብዙ የጤና ሠራተኞችን በዚህ መንገድ ሲረዳ ቆይቶ ተፈጸመ። እንዲህ ያለው ፕሮግራም በመጀመሪያ የሚመለከተው እናቶችን፥ ሕፃናትንና ተላላፊ በሽታዎችን ነው፤ ይህም ተገቢ ነው። የአካል ጕዳተኛ መልሶ ማቋቋም ግን በዝርዝሩ ግርጌ ይገኛል፤ አንዳንዴም አይገኝም። ስለዚህ በአንድ ግቢ ውስጥ ጐን ለጐን ባሉ ሁለት ክፍሎች፥ አዋላጂቱ ተጨማሪ ስታገኝ የተግባር ሕክምና ሠራተኛው ባዶ እጁን ሊቀር ይችላል፤ የሁለቱም ደረጃ አንድ ሆኖ ሳለ።

ሦስተኛው ከረጢት የሆስፒታሉ የራሱ ገቢ ነው። በሽተኛው ከሚከፍለው የመመርመሪያና የመታከሚያ ዋጋ ከፊሉ ለሠራተኛው ይከፋፈላል። በዚህ ረገድ ብዙ በሽተኛ ያለው ሆስፒታል ጥቂት በሽተኛ ካለው ይበልጣል፤ ገንዘብ የሚያስገባውም ክፍል፥ ይኸውም ላቦራቶሪው፥ ራጁና ቀዶ ሕክምናው፥ ገንዘብ ከማያስገባው ክፍል ይደመጣል። የተግባር ሕክምና ክፍል ከማያስገቡት ወገን ነው። በሽተኛው ለአንድ ቀን ቀዶ ሕክምና ገንዘቡን ከዘመድ አዋጥቶ ይከፍላል፤ ለስድስት ወር ልምምድ ግን በሳምንት ሁለት ቀን እየመጣ እንዲከፍል ማድረግ አስቸጋሪ ነው።

አራተኛው የግል ሥራ ነው። በሐርጌሳ ጧት በመንግሥት ሆስፒታል የሚያገለግል ባለሙያ ከቀትር በኋላ በግል ክሊኒክ መሥራቱ የታወቀ ነው። ይህንን የሚነቅፉ አሉ፤ ይሁን እንጂ ጧት የሚሠራውን ሥራ በሕይወት ያቆየው ከቀትር በኋላ ያለው መሆኑን ማስታወስ ይገባል። በከተማዪቱ ከውጭ አገር በሚላክ ገንዘብ የሚኖር ቤተ ሰብ ብዙ ስለሆነ፥ በለንደን ወይም በሚኒያፖሊስ ያለ ልጅ ለአባቱ ልምምድ በየወሩ ሊከፍል ይችላል። ይህ ገበያ በሐርጌሳ ይገኛል፤ በገጠሩ አውራጃ ግን አይገኝም።

በነዚህ አራት ከረጢቶች ላይ የገንዘቡ ዓይነት ሌላ ልዩነት ይጨምራል። የሶማሌላንድ ሽልንግ በ1994 በሥራ ላይ ከዋለ በኋላ ዋጋው እጅግ ወድቆ አንድ ዶላር በብዙ ሺህ ሽልንግ ይመነዘራል፤ በሐርጌሳ ገበያ መካከል መንዛሪዎች የብር ጥቅሉን እንደ ጡብ ደርድረው ሲቀመጡ ማየት ለእንግዳ የሚያስገርም ነው። ቴሌሶም የተባለው ኩባንያ በ2009 ዛድ የሚባለውን በስልክ ገንዘብ የማስተላለፍ አገልግሎት ሲጀምር በዶላር ስለ ነበረ፥ የቤት ኪራይና የትምህርት ቤት ክፍያ በዶላር መጠየቁ ተስፋፋ። በሽልንግ የተቈረጠለትና በዶላር የተቈረጠለት ሁለት ሠራተኞች በመጀመሪያው ዓመት እኩል ቢሆኑ፥ ሽልንጉ በወደቀ ቍጥር ማንም ደብዳቤ ሳይጽፍ፥ ማንም ሳይወስን፥ የአንዱ ደመወዝ ይቀነሳል።

አሁን ወደ ከተሞቹ እንምጣ። በርበራ የወደቡ ከተማ ስትሆን የበጋዋ ሐሩር እጅግ ብርቱ ነው፤ የእንግሊዝ ሹማምንት በዚያ ወራት ወደ ሼክ ተራራ ይወጡ እንደ ነበር፥ ዛሬም አቅም ያለው ነዋሪ ወደ ደጋው እንደሚወጣ የታወቀ ነው። በዚህች ከተማ ባለው የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል በተግባር የማከም ሐሳብ የተጀመረው በደመወዝተኞች ሳይሆን በወጣቶች ነበር፤ ጋቮ በሚል አሕጽሮት የሚታወቀውና በ1992 የተመሠረተው የበጎ ፈቃደኞች ማኅበር ከመጀመሪያ ሥራዎቹ አንዱ የነዚህን ሕሙማን ኑሮ ማሻሻል ነበር። በጎ ፈቃድ ሥራውን ማስጀመር ይችላል፤ በየወሩ የቤት ኪራይ የሚከፍል ባለሙያን በዚያ ሐሩር ለዓመታት ማቆየት ግን ሌላ ነገር ነው።

ቦረማ በምዕራብ፥ ለኢትዮጵያ ወሰን የቀረበች፥ አየሯ የተስማማ የትምህርት ከተማ ናት። አሙድ ዩኒቨርሲቲ በ1998 በአቅራቢያዋ ተቋቁሟል። የሳንባ ነቀርሳ ሆስፒታልና መስማት ለተሳናቸው ልጆች ትምህርት ቤት ያቋቋሙት ጣልያናዊቱ አናሌና ቶኔሊ፥ የተባበሩት መንግሥታት የናንሰን ሽልማት በሰጣቸው በ2003 በዚያችው ከተማ ተገድለዋል። በቦረማ ሠራተኛው ጥቂት ቢከፈለውም የሚያስተምርበትና ልጆቹን የሚያስተምርበት ስላለ ይቆያል፤ ይህ በደመወዝ መዝገብ ላይ የማይጻፍ ክፍያ ነው።

ኤሪጋቦ ግን በምሥራቅ፥ በተራራው ላይ፥ ከሐርጌሳ ሩቅ ናት። ነገሩን ለማስረዳት ያህል እንጂ የማንንም ሰው ትክክለኛ ደመወዝ ለመግለጽ ሳይሆን፥ አንድ የሐርጌሳ ሠራተኛ በወር ከሚያገኘው ሢሶው ከግምጃ ቤት፥ ሢሶው ከለጋሽ፥ ሢሶው ከግል ክሊኒክ ነው እንበል። ይህ ሰው ወደ ኤሪጋቦ ቢዛወር የክሊኒኩ ገንዘብ በዚያው ቀን ይቀራል። የለጋሹም ፕሮግራም በዚያ ከሌለ ሁለተኛው ሢሶ ይቀራል። የዝውውሩ ደብዳቤ ደመወዙ ሳይቀነስ በነበረው ደረጃ መዛወሩን ይገልጣል፤ ደብዳቤውም አልዋሸም። በእጁ የሚገባው ግን ከሦስት አንድ ነው። እንዲህ ሲሆን ሠራተኛው በጕንፋንም፥ በዘመድ ሐዘንም፥ በልጅ ሕመምም እያመካኘ ቢዘገይ የሚገርም አይደለም።

ጕዳቱ የሚቈጠረው በበሽተኛው ላይ ነው። ስብራት ያለበት ሰው ወደ ሐርጌሳ በመኪና መጥቶ ታሽቶ ወይም በጄሶ ታስሮ ይመለሳል። በስትሮክ የተመታ ሰው ግን የእጁን ሥራ የሚመልሰው በአንድ ጕዞ አይደለም፤ በተለይ በመጀመሪያዎቹ ወራት ሳያቋርጥ በሚደረግ ልምምድ ነው። ልምምዱም ከገዛ ምድጃው፥ ከገዛ ደጃፉ፥ ከገዛ ግመሎቹ አጠገብ ቢሆን ይሻላል። ከሙያዎች ሁሉ ባለሙያው ከበሽተኛው ቤት አጠገብ እንዲኖር የሚጠይቀው ሙያ ይኸው ሆኖ ሳለ፥ የደመወዙ አከፋፈል ባለሙያውን ወደ ዋናው ከተማ ይስበዋል። የቀረው በሽተኛ እጁ ታጥፎ ይደርቃል፤ ዓመት ካለፈው በኋላ ባለሙያ ቢመጣለትም የሚደረግለት ጥቂት ነው።

በሌሎች አገሮችም ደመወዝ ከስፍራ ስፍራ ይለያያል፤ ልዩነቱን የሚያደርገው ግን የተለያየ እጅ ነው። በእንግሊዝ አገር የመንግሥቱ የጤና አገልግሎት ከ2004 ጀምሮ አብዛኛውን ሠራተኛ በቍጥር ደረጃዎች መድቦአል፤ አዲስ የተመረቀ የተግባር ሕክምና ባለሙያ በአምስተኛው ደረጃ ይገባል። ኑሮ ውድ ለሆነበት ለመሐል ለንደን ከደመወዙ 20 በመቶ፥ ለዳር ለንደን 15 በመቶ፥ ለአጐራባቹ 5 በመቶ በወሰን ተገድቦ ይጨመራል። ስኮትላንድ የራስዋን ስምምነት ስለምትፈራረም እዚያ ያለው ተመን ይለያል። ልዩነት አለ፤ ነገር ግን ማንም ወረቀቱን ገልጦ ያነበዋል። በአሜሪካ መንግሥቱ ተመን አያወጣም፤ የሠራተኛ ስታቲስቲክስ መሥሪያ ቤት በሜይ 2024 ያገኘው የሙያው መካከለኛ ክፍያ በዓመት 98,340 ዶላር ሲሆን፥ በአረጋውያን መጦሪያዎች የሚሠሩት ከዚህ በላይ፥ በትምህርት ቤት የሚሠሩት ከዚህ በታች ያገኛሉ። በአንድ ክፍለ ግዛት ውስጥ እንኳ ሕፃናትን የሚያገለግለው ሽማግሌዎችን ከሚያገለግለው ያነሰ ይከፈለዋል፤ ይህም የሆነው የሕፃናቱን የሚከፍለው የትምህርት ግብር፥ የሽማግሌዎቹን የሚከፍለው የመድን ገንዘብ ስለሆነ ነው። በሀብታም አገርም ቢሆን ከረጢቱ ከችሎታው ይቀድማል።

በኢትዮጵያ የተለመደው ዘዴ የበረሃ አበል ነው። መሠረታዊው ደመወዝ በደረጃው አንድ ሆኖ፥ በቈላና በጠረፍ የሚያገለግል ሠራተኛ እንደ ስፍራው ክብደት ይጨመርለታል። ዘዴው ሩቁን ስፍራ ከቅርቡ በላይ እንዲከፍል ማድረጉ ከሐርጌሳው ሁኔታ ጋር ተቃራኒ ነው፤ የአበሉ መጠን ከኑሮ ውድነት ጋር ካልተራመደ ግን ስሙ ብቻ ይቀራል። የተግባር ሕክምና ትምህርትም በኢትዮጵያ ተጀምሯል፤ የጐንደር ዩኒቨርሲቲ ከካናዳው ክዊንስ ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር በአገሩ የመጀመሪያውን የትምህርት ክፍል ከፍቷል።

ከጅጅጋ በዋጀሌ በኩል ሐርጌሳ ለመድረስ መንገዱ የአንድ ቀን እንኳ ስላልሆነ፥ ከወዲህ ወገን የሠለጠነ ሰው ለዚያ ሥራ መጠየቁ የሚጠበቅ ነው። ተጠያቂው ስለ ደመወዙ መጠን ብቻ ሳይሆን፥ ገንዘቡ በሽልንግ ወይስ በዶላር እንደ ተቈረጠ፥ ከፋዩ ግምጃ ቤቱ ወይስ ፕሮግራም እንደ ሆነ፥ ፕሮግራምም ከሆነ በየትኛው ወር እንደሚፈጸም፥ በመዝገቡ ላይ የሚጻፈው የሙያ ስም ምን እንደ ሆነ፥ ወደ ሌላ ከተማ ቢዛወር ከገንዘቡ የትኛው ክፍል አብሮት እንደሚሄድና የትኛው በሐርጌሳ እንደሚቀር በጽሑፍ ቢያስገልጥ፥ ከመፈረሙ በፊት የሚቀበለውን ገንዘብ በርግጥ ያውቃል። የአውራጃ ጤና ሹምም ሠራተኛ ከማስጠየቁ በፊት እነዚህኑ ጥያቄዎች ለራሱ አውራጃ ቢመልስ፥ ከዋናው ከተማ የተላከለት ሰው በስንተኛው ወር እንደሚመለስ አስቀድሞ ሊገምት ይችላል።